አዳኙ ቢተኛም ባሩዱ አይተኛም

የኖቬምበር ወር ሲገባ በሚኒሶታ የሚኖሩ የአንዳንድ ወገኖቻችን ወሬ ይለወጣል። ሌላ ጊዜ ቡና ላይ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ቤት ኪራይ የሚነጋገሩት ሰዎች ስለ አጋዘን ዱካ፣ ስለ ብርቱካንማ ሰደርያና ስለ አደን ፈቃድ ማውራት ይጀምራሉ። አደን ለሕዝባችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር አገሩና ብርዱ ነው፤ ጠመንጃውም ከሱቅ ተገዝቶ ቤት የገባ እንጂ ከአባት የተወረሰ ባለመሆኑ አያያዙን የሚያሳይ ሽማግሌ አብሮት አይመጣም።

አንድ ወዳጄ የደረሰበትን ላውጋችሁ። ይህ ሰው መደበኛው የአደን ወቅት ካለፈ በኋላ፣ በኖቬምበር ማብቂያ ገደማ በሚከፈተው ወቅት የሚያድነው ከአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ፈረንጆቹ መዝል ሎደር ይሉታል፤ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ወዳጄ በመጀመሪያው እሑድ አንድ አጋዘን ጣለ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ሥጋውን ለገና ይቆየን ብሎ ፍሪዘር ውስጥ ከተተው። ጠመንጃውን በደረቅ ጨርቅ አበሰና በቱቦው ዘይት አንጠባጥቦ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ አቆመው። ከዚያ በኋላ ድርብ ፈረቃ ሥራ ስለገጠመው ተመልሶ ያየው ከአሥር ቀን በኋላ ነበር።

ጨርቅ በዘንግ አድርጎ ቢያስገባ ጨርቁ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣ። በብርሃን ሲያየው የቱቦው ውስጥ እንደ ፈንጣጣ ተቦርቡሯል።

«ዘይት እኮ ቀብቼዋለሁ!» እያለ ሲበሳጭ፣ በዚያን ሰሞን ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአገር ቤት የመጡት አባቱ ጠመንጃውን ተቀብለው አሸተቱት።

«ይህማ የውጅግራ ሽታ ነው» አሉ። «ለመሆኑ ውሃ መች ጠጣ?»

«ብረት በውሃ ይታጠባል እንዴ አባባ? ይዝጋል እኮ።»

«ልጄ፣ ያዛገው ውሃ ማጣቱ ነው።»

ሽማግሌው ኬሚስትሪ አልተማሩም፤ ነገር ግን የተናገሩት ከኬሚስትሪ ጋር ልክ ለልክ የሚገጥም ነው። ጠመንጃን የሚጎዳው መተኮሱ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ከተተኮሰ በኋላ የሚያድረው ሌሊት ነው። ጉዳቱን ለመከላከል ደግሞ በቱቦው ውስጥ የቀረው ቆሻሻ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለአንዱ መድኃኒቱ ውሃ ነው፤ ለሌላው ዘይትና ሶልቨንት ነው። ወዳጄን የጎዳው ስንፍና ሳይሆን ለውሃው በሽታ ዘይት መስጠቱ ነው።

ጥቁሩ ባሩድና ጢስ አልባው ባሩድ

ጥቁር ባሩድ የሚቀመመው ከሦስት ነገሮች ነው። ከመቶው 75 እጅ ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። በሚቃጠልበት ጊዜ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ አይለወጥም። ከፊሉ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ከፊሉም በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ያ የተለጠፈው ጥቀርሻ በአብዛኛው የፖታሲየም ጨው ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታም የሚመጣው ከድኙ ነው።

ጨው ምን እንደሚያደርግ እናቶቻችን በደንብ ያውቃሉ። በክረምት ወራት ጨው ዕቃው ውስጥ እንዳለ ያልባል፤ ማለትም ከአየሩ እርጥበት ይስባል። በጠመንጃ ቱቦ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ጨዉ እርጥበቱን ስቦ ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ብረቱም ይበላል። ዘይት ጨውን አያሟሟም። በጨው ላይ ዘይት ማፍሰስ ቁስልን ሳያጥቡ በፋሻ እንደ መጠቅለል ነው። ጨውን የሚያሟሟው ውሃ ነው።

የሽማግሌው ዕውቀት ከየት እንደመጣ የታሪካችን መሣሪያዎች ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የታጠቀው ስናይደር የተባለውን ጠመንጃ ነበር፤ የእኛ ሰው ሰናድር ብሎታል። ፈረንሳዮች በ1874 ለጦራቸው ያጸደቁት የ11 ሚሊ ሜትሩ ግራ ጠመንጃ ደግሞ በአፋችን ውጅግራ ሆነ፤ በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ከወገን እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ነው። እነዚህ ሁለቱም ሲሠሩ ለጥቁር ባሩድ የታሰቡ ናቸው። ስለዚህ ውጅግራ በነበረበት ቤት ያደገ ሰው የጥቁር ባሩድን ጠባይ ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

ጢስ አልባው ባሩድ የመጣው በኋላ ነው። ፖል ቪዬ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1884 (እ.ኤ.አ.) አዲሱን ባሩድ ሠራ፤ በ1886 ፈረንሳዮች ለቤል የተባለውን ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ አስታጠቁ። ይህ ባሩድ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ሲሆን ሲቃጠል አብዛኛው ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው የአደን ጥይት በሙሉ ማለት ይቻላል የሚጎርሰው ይህን ባሩድ ነው። የሚተወው ጥቀርሻ ጥቂት ነው፤ በራሱም እንደ ጥቁሩ ባሩድ ብረት አይበላም። ይሁን እንጂ ጥቀርሻው ሲጠራቀም እርጥበት ይይዛል፣ ይደርቃል፣ የሚንቀሳቀሱትንም ክፍሎች ያንቃል።

መዝል ሎደር ለያዘ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለ። በጥቁር ባሩድ ምትክ የሚሸጡ ዘመናዊ ባሩዶች አሉ። ጢሳቸው ቢያንስም ብዙዎቹ ብረት የሚበላ ቅሪት ይተዋሉና «ይህ ጥቁር ባሩድ አይደለም» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጢስ አልባ ባሩድ ለጥቁር ባሩድ በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ በፍጹም አይገባም። ግፊቱ ቱቦውን ፈንድቶ ሰው ሊገድል ይችላል።

ርካሹ ጥይት የሚደብቀው ጨው

ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩስ ሰው «እንግዲያስ እኔ ከጨው ነፃ ነኝ» ሊል ይችላል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በቀለሁ ቂጥ ላይ ፕራይመር የምትባል ትንሽ ማቀጣጠያ አለች። በድሮው አሠራር ይህች ማቀጣጠያ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረባት። ስትተኮስ የምትተወው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ይህም የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ለገበያ የሚሠሩት ጥይቶች ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ትተው ወደማያዝገው ዓይነት ሄደዋል። ነገር ግን ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትና ከምሥራቅ አውሮፓ መጋዘኖች የወጣ አሮጌ የጦር ሠራዊት ጥይት ብዙውን ጊዜ የድሮው ማቀጣጠያ ያለው ነው።

የሩሲያ ሠራሽ አሮጌ ጠመንጃ ገዝቶ በዚህ ዓይነት ጥይት ዒላማ የሚለማመድ ሰው እንደ ሽማግሌው ማሰብ ይኖርበታል። በዚያው ቀን በመጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ማድረቅ፣ በመጨረሻ ዘይት። ቱቦውን ብቻ ሳይሆን ጥይቱ የሚጎርስበትን ክፍልና የመዝጊያውን ፊት ጭምር ማጠብ ያስፈልጋል። ጠመንጃው በጋዝ ራሱን የሚያጎርስ ከሆነ ጋዙ የሚያልፍባቸው ክፍሎችም መታጠብ አለባቸው።

ከመወልወል በፊት

አሁን ስለ አወላወሉ ከመናገሬ በፊት ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአደን ተመልሼ ጠመንጃዬን ለመወልወል ተቀመጥኩ። ካዝናውን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ካዝናው ከወጣ ባዶ ነው ብዬ በልቤ ደምድሜ ነበር። ልጄ ጨርቅ ሊያቀብለኝ አጠገቤ ቆሟል። መዝጊያውን ስስብ አንድ ሙሉ ጥይት ዘልሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ያ ጥይት ወለሉ ላይ ሲንከባለል የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

ካዝና ማውጣት ጠመንጃውን ባዶ አያደርገውም። የጎረሰው ጥይት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሩ። ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ። ካዝናውን አውጡ፤ ከዚያም መዝጊያውን ክፈቱና የሚጎርስበትን ክፍል በዓይናችሁ እዩ፤ በትንሿ ጣታችሁም ዳስሱ። ጥይት የሚባል ነገር ሁሉ ከምትወለውሉበት ክፍል ይውጣ። ልጆችም እንዲሁ።

ከአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ ግን ተከፍቶ አይታይም። ለዚህ የቆየ ብልሃት አለ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በተረጋገጠበት ቀን ዘንጉን እስከ ታች አስገብታችሁ በአፈሙዙ ትክክል ምልክት ታደርጋላችሁ። በሌላ ቀን ዘንጉ እስከ ምልክቱ ካልገባ ውስጡ ባሩድና አረር አለ ማለት ነው። በማናቸውም ጊዜ መጀመሪያ ማቀጣጠያውን ማንሳት ይገባል።

አወላወሉ

ለተራው ጢስ አልባ ጥይት የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ከጠመንጃው ቀዳዳ ጋር የሚስማማ ዘንግ፣ የነሐስ ብሩሽ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ የባሩድ ሶልቨንትና ቀላል የጠመንጃ ዘይት ይበቃል።

ዘንጉን በተቻለ መጠን ከኋላ፣ ከሚጎርስበት በኩል አስገቡት። አረሩ ቱቦውን ለቆ ሲወጣ የመጨረሻ የሚነካው የአፈሙዙን ጠርዝ ነው። በዘንግ መፋተግ ያ ጠርዝ ከተበላ ጠመንጃው ዒላማ መሳት ይጀምራል። በመጀመሪያ በሶልቨንት የራሰ ጨርቅ አሳልፉ፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ቀጥሎ ብሩሹን በሙሉ ርዝመቱ አመላልሱት፤ መሐል ላይ አትመልሱት። ከዚያ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እየለወጣችሁ አሳልፉ። በመጨረሻ ዘይት የነካው አንድ ጨርቅ አሳልፋችሁ ትርፉን በደረቅ ጨርቅ አብሱ።

አረሩ በመዳብ የተለበጠ ከሆነ ባሩዱ ከለቀቀ በኋላም ብጫቂ መዳብ በቦዮቹ ውስጥ ይቀራል። ይህን የሚያስለቅቀው አሞንያ ያለበት ሶልቨንት ነው፤ መዳብ ሲያገኝ ጨርቁን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ያደርገዋል። ብሩሹም ነሐስ በመሆኑ ራሱ ቀለም ስለሚሰጥ በዚያ አትታለሉ። ዕቃው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይም በቱቦው ውስጥ አታሳድሩት። በጽዳት ሥራ ላይ የተሰማሩ ወገኖቻችን የሚያውቁትን አንድ ነገር ልድገም። አሞንያና በረኪና አይገናኙም፤ ሲቀላቀሉ መርዛም ጋዝ ይወጣል። ሶልቨንቱ እሳት ይወዳልና መስኮት ክፈቱ፤ ከምድጃና ከማሞቂያ አርቁት።

ለመዝል ሎደር ግን ሥራው በውሃ ይጀምራል። ማቀጣጠያው የሚቀመጥበትንና ከቱቦው ቂጥ የሚፈታውን ክፍል ፍቱ። ሳሙና ባለበት ሙቅ ውሃ በራሰ ጨርቅና በብሩሽ ውሃው ጥቁር ማለቱን እስኪያቆም ድረስ እጠቡ። በንጹሕ ሙቅ ውሃ አለቅልቁ። የሞቀ ብረት ቶሎ ይደርቃል፤ ቢሆንም በደረቅ ጨርቅ ደጋግማችሁ አድርቁት። ከዚያ ዘይት ቀቡ። የሚፈታውን ክፍል ጥርሶች ቅባት ቀብታችሁ መልሱ፤ ያለዚያ ተጣብቆ እንቢ ይላል። በማግሥቱ አንድ ንጹሕ ጨርቅ አስገቡ። ቀይ ነገር ይዞ ከወጣ ጨው ቀርቷልና ሥራው ይደገማል። ይህ ሁሉ ቢበዛ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የሚያድር ሥራ ግን አይደለም።

ሾትገን ያለው ሰው ደግሞ ከባሩዱ ሌላ የላስቲክ ቅሪት ያገኛል፤ ፍንጣሪዎቹን አቅፎ የሚወጣው የላስቲክ ጽዋ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይቀልጣልና። በአፈሙዙ ጫፍ የሚፈታ ቾክ ካለው እርሱን እየፈቱ ማጽዳት ይገባል። ለዓመታት ካልተፈታ ከነጥቀርሻው ተጣብቆ ይቀራል።

ከመጠን ያለፈ መወልወልም ግን ጥሩ አይደለም። በማያዝግ ዘመናዊ ጥይት በደረቅ ቀን ሁለት ጊዜ የተኮሰ ጠመንጃ ውስጡ እስኪያንፀባርቅ መፈተግ የለበትም። ዝናብ ወይም በረዶ ካገኘው፣ ብዙ ከተኮሰ ወይም ወቅቱ አልቆ ሊቀመጥ ከሆነ ግን ሙሉ አወላወል ይገባዋል።

ብርዱና ላቡ

በእኛ አገር የማናውቀው፣ የሰሜን አሜሪካ ክረምት የሚያመጣው ሌላ ጠላት አለ። መነጽር ያለው ሰው ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ መነጽሩ ወዲያው ይደምናል። ጠመንጃውም እንደዚያው በውጭም በውስጥም ያልባል። ያንን ላብ ይዞ ቁም ሳጥን ከገባ ተኩሶ ያላደረ ጠመንጃ እንኳ ይዝጋል። ስለዚህ ባዶ መሆኑን ውጭ አረጋግጣችሁ፣ ከነማኅደሩ ዘግታችሁ አስገቡትና የቤቱን ሙቀት እስኪያገኝ ጥቂት ሰዓታት ጠብቁ። ከዚያ ከማኅደሩ አውጥታችሁ አድርቁት። በማኅደር ውስጥ አኑሮ መርሳት ግን ዝገት መጥራት ነው።

በጣም በሚበርድበት ጊዜ ወፍራም ዘይት እንደ ማር ይረጋል፤ ጥይቱን የሚመታው መርፌም ይሰንፋል። ለብርድ ዘይቱ ቀጭንና ጥቂት ይሁን። ከአደን በፊትም በቱቦው ውስጥ የቀረውን ዘይት በደረቅ ጨርቅ ጠርጉ።

የምናጎርስበት እጅ

በመጨረሻ ስለ ጠመንጃው ሳይሆን ስለ ቤተሰቡ። ዛሬ ብረት የማያዝገው ማቀጣጠያ በአብዛኛው የእርሳስ ውሑድ አለበት። በጨርቁ ላይ የሚቀረው ጥቁር ነገር ጥቀርሻ ብቻ አይደለም፤ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረትም አብሮ አለ። የዩናይትድ ስቴትስ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 (እ.ኤ.አ.) ለሕፃናት ደም ያወጣው የማስጠንቀቂያ መጠን በዴሲ ሊትር 3.5 ማይክሮ ግራም ነው። ከዚህ በታች ቢሆንም ለልጅ አይጎዳም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን የለም። እርሳስ የልጅን አእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ በነፍሰ ጡር እናት በኩልም ወደ ፅንሱ ያልፋል።

ይህ ነገር እኛን ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ ይመለከተናል። እኛ በእጃችን የምንበላ፣ በእጃችን የምናጎርስ ሰዎች ነን። ጠመንጃ ወልውሎ እጁን በጨርቅ ብቻ ጠርጎ ወደ ገበታ የቀረበ አባት ለልጁ የሚያጎርሰው እንጀራ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የምግብ ጠረጴዛ ላይ አትወልውሉ። በጋራዥ ውስጥ ጋዜጣ አንጥፋችሁ፣ የሚጣል ጓንት አድርጋችሁ ሥሩ። ሲያበቃ ጨርቁን በጋዜጣው ጠቅልላችሁ በክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አኑሩ። እጃችሁንና ፊታችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ልብሳችሁንም ለውጣችሁ ለብቻው እጠቡት።

ወዳጄ ቱቦውን ሊያድነው አልቻለም። መሣሪያ ሠሪው ዓይቶ የተቦረቦረ ቱቦ እንደማይሞላ ነገረውና አዲስ ገዛ። በሚቀጥለው ወቅት ግን ከአደን ሲመለስ አባቱ ባይኖሩም በመጀመሪያ የሚጥደው የሻይ ማንቆርቆሪያ ሳይሆን ለጠመንጃው የሚሆነውን ውሃ ነው። ድካሙ እንቅልፍ ይጠራዋል፤ እርሱም «አዳኙ ቢተኛም ባሩዱ አይተኛም» እያለ ሥራውን ይጨርሳል። ከዚያ እጁን በሳሙና ታጥቦ ወደ ልጆቹ ይገባል።

መልካም የአደን ወቅት ይሁንላችሁ። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።